በገዛ ጥፋቴ ሽማግሌ ሆኜ

ቂርያት ጋት
ዓርብ ጠዋት፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 2026

ለምወድሽ ልጄ ለማአያን፣
ደብሊን

ልጄ፣ ሰላምታዬ ያንን የማያባራ ዝናባችሁን አልፎ ሳይረጥብ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብርድ ሲመጣ ያመፅባታል። ሐኪሟ «ተራመጂ» ይላታል፤ እሷ ደግሞ «እሱ ራሱ ሲራመድ አይቼው አላውቅም» ትላለች። እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ሌላው ነገሬ እንዴት እንደሆነ ከታች ታነቢዋለሽ።

ደብዳቤ ስጽፍልሽ የመጀመሪያዬ ነው። ስልክ እያለ አባቴን ምን ነካው ትዪ ይሆናል። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ አፌ ላይ ቀረ። በዕብራይስጥ እንዳልጽፍልሽ ስህተቴን ስትለቅሚ ትውያለሽ። በአማርኛ ግን ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ስለሆንኩ በዚህ እንኳ ትንሽ እበልጥሻለሁ። እናትሽ ከጠረጴዛው ማዶ ሽንኩርት እየላጠች አንድ ገጽ በጨረስኩ ቁጥር «አንብብልኝ» ትለኛለች። ስለዚህ አንቺ ከእኔ በላይ የምታውቂውን ነገር ለእሷ ስል ዘርዝሬ ከጻፍኩ ታገሺኝ።

ነገሩ ስለ ሰርቨሩ ነው። የትኛው ሰርቨር እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከመጋዘኑ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ያለው ዋናው ኮምፒውተር፣ አሥራ አራት ዓመት እኔ የያዝኩት። መጋዘን ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ካርቶን ላይ የተለጠፈውን ባርኮድ የሚያነቡበት የእጅ መሣሪያ ሁሉ ከእሱ ጋር ነው የሚነጋገረው። እሱ ከተኛ ፋብሪካው ከሚያመርተው ክዳን የትኛው ካርቶን በየትኛው መኪና እንደሚጫን የሚያውቅ ሰው የለም። ማሽኑ እስከ አሁን ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ የይለፍ ቃሉ ግን ሁልጊዜ በእኔ እጅ ነበር፣ ማስተካከያውም የእኔው ነው።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ በቦታሽ ኢላይ የሚባል ልጅ ቀጠሩ። የደጊቱ ልጅ ነው፤ በጤና ጣቢያው በጽዳት የምትሠራዋ፣ በዓል ሲሆን ከእናትሽ አጠገብ የምትቀመጠው ደጊቱ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሄዋን የምትባል ጨዋ ልጅ አግብቶ ካርሜ ጋት ይኖራሉ፤ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። እሱ ኮምፒውተሮቹንና መሣሪያዎቹን የሚያገናኘውን ሣጥን፣ ስዊቹን፣ ከነገመዱ ይይዛል፣ እኔ ሰርቨሮቹን። አማርኛው በዕብራይስጥ የተሞላ ነው፤ ነገር ግን «ጋሼ» እና «እርስዎ» ላይ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። በጣም ደስ ይለኝ ነበር። ይህ ያስደሰተኝ ነገር ምን እንዳደረገ አሁን እነግርሻለሁ።

በዲሴምበር አጋማሽ አሮጌው ስዊች ይቀየር ተባለ፤ ኢላይ ቀየረው። ንጹሕ ሥራ ሠራ፣ ገመዱን አሰላልፎ ሲያስር የሠርግ ቤት የሚያስውብ ይመስል ነበር። በማግስቱ ግን መጋዘኑ መንተባተብ ጀመረ። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ምንም የለበትም። እኔ ከጠረጴዛዬ ሰርቨሩን «አለህ?» ብዬ ስልክበት ወዲያው «አለሁ» ይላል። መኪኖቹ ሲሰለፉና መሣሪያው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲሠራ ግን ሰዉ ባርኮዱን አንብቦ ቆሞ ይጠብቃል። ካርቶን ይደባለቃል፣ ሾፌር ይሳደባል፣ አንድ ቀን ወደ ሰሜን መሄድ የነበረበት ጭነት ወደ ደቡብ፣ ወደ ቤርሼባ ሄደ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆንን።

ኢላይ ገመዱን ቀየረ። የሚሰካበትን ቦታ ቀየረ። የሰርቨሩን የኔትወርክ ካርድ አስፈቅዶኝ አውጥቶ አዲስ ካርድ አስገባ። ስዊቹ ላይ ያለው ቆጣሪ በየቀኑ ግጭት ይመዘግባል፤ ቁጥሩ እንደ ታክሲ ቆጣሪ ይሮጣል። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ «ልጅ ነው፣ ይማርበታል» እላለሁ።

አሁን ለእናትሽ ላብራራ። ሰርቨሩና ስዊቹ በአንድ ገመድ ነው የሚነጋገሩት። ሁለት ዓይነት አነጋገር አለ። በአንደኛው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ፣ በአንድ ጊዜም ይሰማሉ። ሁለተኛው በተራ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል፣ ሳያውቁ አብረው ከጀመሩ ሁለቱም አቁመው ቆይተው ይሞክራሉ። ገመዱ ሲሰካ በየትኛው እንደሚሆን ተጠያይቀው ይስማማሉ። እኔ ግን የዛሬ አሥራ አራት ዓመት አሮጌው ስዊች መስማማት ስላቃተው በሁለቱም በኩል በእጄ አሰርኳቸው፤ «መጠያየቅ የለም፣ ሁለታችሁም እንዳሻችሁ ተናገሩ» አልኳቸው። ያኔ ልክ ነበር። ሰርቨሩ በተነሣ ቁጥር ካርዱን እንደዚያ የሚያስር አጭር ትእዛዝ ጻፍኩ፣ ከላዩ ስሜንና ቀኑን አኖርኩበት። ማሽን ሲቀየር ትእዛዙን ይዤው እሄዳለሁ።

አዲሱ ስዊች ሲገባ ኢላይ እንደ ደንቡ «ጠይቀህ ተስማማ» ብሎ ተወው። ስዊቹ ይጠይቃል፤ ሰርቨሬ አይመልስም። መልስ ያጣው ስዊች «እንግዲያው በተራ ነው» ብሎ ይወስናል። ከዚያ ወዲያ ሰርቨሩ ማንንም ሳይጠብቅ ይናገራል፤ ስዊቹ ድምፅ በሰማ ቁጥር የጀመረውን አቋርጦ ግጭት ብሎ ይመዘግባል። ሥራ ሲቀንስ አይታወቅም። ሥራ ሲበዛ ግን ግማሹ ነገር መንገድ ላይ ይቀራል። ካርዱን ብትቀይሪውም ያው ነው፤ አዲሱንም ያች ትእዛዜ ታስረዋለች።

እናትሽ እዚህ ድረስ አነበብኩላት። ሽንኩርቷን አስቀምጣ «እንዴ፣ ይሄማ አንተና ልጅህ ናችሁ!» አለች። «የቴክኒክ ጉዳይ ነው» አልኳት። እየሳቀች ነው።

ኢላይ በሁለተኛው ሳምንት ገብቶት ነበር። እኔ ብቻዬን ስሆን ጠብቆ መጣ። እጁን ከኋላ አጣምሮ ቆመና «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በሰርቨሩ በኩል ያለውን ሃግዳራ አንድ ጊዜ አብረን ብናየውስ?» አለኝ። ሃግዳራ ማስተካከያውን ማለቱ ነው። እኔ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳላነሣ «ይህ ሰርቨር አንተ አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶህ ባር ሚጽዋ ሳታደርግ የሠራ ነው፤ አዲስ የመጣው ያንተ ስዊች ነው፣ ያንተን እይ» አልኩት። «እሺ ጋሼ» ብሎ ወጣ። እንዲያውም አመስግኖኝ ነው የወጣው።

ከዚያ ኤሬዝ ስብሰባ ጠራ። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ያው ኤሬዝ ነው፤ ጸጉሩ ብቻ ነው የሳሳው። በሁላችንም ፊት «ኢላይ፣ ችግሩ ሰርቨሩ ላይ ሊሆን ይችላል ወይስ አይችልም?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ወደ እኔ አየ። ከዚያ ወደ መሬት አየና «አይ፣ በእኔ በኩል ነው። እንደገና አየዋለሁ» አለ። ኤሬዝ ይህን እንደ እምነት ቃል ቆጠረው። በሁለተኛው ቀን ለኢላይ የሺሙዓ ደብዳቤ ደረሰው፤ ሰኞ ቀርቦ ለምን እንደማይባረር እንዲያስረዳ። ሺሙዓ ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት እንደሆነ ፋብሪካው ውስጥ የማያውቅ የለም።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ገመድ ፈልጌ ወደ ስዊቹ ክፍል ገባሁ። ኢላይ አልነበረም፣ ሄዋንን ለምርመራ ወስዷት ነበር። መደርደሪያው ላይ ደብተሩ ተከፍቶ ተቀምጧል። የየቀኑን የግጭት ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ ምን እንደቀየረ በዕብራይስጥ አሳምሮ ጽፏል። ገጹ ታች ላይ ሦስት መስመር አለ። «ሰርቨሩ በእጅ ታስሯል፣ እርግጠኛ ነኝ። ጋሼ ፈረደን በሰው ፊት አላነሣባቸውም፣ ብቻቸውን ልጠይቅ።» ከሥሩ በሌላ ቀን «ጠየቅኩ። አልፈለጉም።» ሌላ ምንም የለም።

ልጄ፣ እዚያው ቆሜ ያንቺ ድምፅ ነው የመጣብኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ትምህርትሽን ጨርሰሽ ለአንድ በጋ እኛ ጋ ስትሠሪ፣ በዚያችው ጠባብ ክፍል ያልሽኝ። ኤሬዝ ነበር፣ ከውጭ የመጡ ሁለት ባለሙያዎችም ነበሩ። ያልሽው ስለዚህችው ትእዛዝ ነበር። እኔ ምን እንዳልኩሽ እዚህ አልደግመውም፤ አንቺም አልረሳሽውም። በማግስቱ ሥራ አልመጣሽም፣ በሁለተኛው ወር ደብሊን ሄድሽ። ሥራ አግኝታ ሄደች እያልኩ ለሰው አወራለሁ። ለራሴም እንደዚያው አወራለሁ።

የሻይ ዕረፍቱ እስኪደርስ ጠበቅኩ። ትእዛዜን ሰረዝኩ፣ ካርዱን ፈታሁት፣ ቆጣሪውን ከዜሮ አስጀመርኩት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሠራተኛው ተመለሰ፣ መኪኖቹ ተሰለፉ፣ ከታች የመሣሪያዎቹ ጢጥ ጢጥ እንደ ዱሮው ሳይቋረጥ መሰማት ጀመረ። ቆጣሪው ዜሮ ላይ እንደቆመ ቀረ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ኤሬዝ እየሮጠ መጣ። «ፈረደ፣ ኮል ሃካቮድ፣ ጎበዝ! ልጁ ያበላሸውን አንተ አቃናኸው!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ያን ጊዜ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን «እሺ» አልኩ። ለምን እንደሆነ አልዋሽሽም፤ ፈራሁ። ለጡረታዬ ጥቂት ዓመት ነው የቀረኝ፣ በዚያ ፋብሪካ ካርቶን በማጣጠፍ ጀምሬ የማታ ትምህርት ተምሬ ነው ወንበር ያገኘሁት፣ ያ ወንበር ሲወሰድብኝ ታየኝ። ደግሞ ማፈር አለ። ይባስ ብሎ የእኔ ማቃናት በልጁ ላይ ማስረጃ ሆነ፤ «ፈረደ በሁለት ደቂቃ ያስተካከለውን እሱ በሦስት ሳምንት አልቻለም» ይባል ጀመር።

ቅዳሜ ከጸሎት ስመለስ ኢላይ ከደጃችን ቆሟል። ሰንበት ሰላም ተባባልን፣ ገባ፣ እናትሽ ምግብ አቀረበች፣ አልነካም። ከዚያ «ጋሼ፣ ሰኞ ሺሙዓ አለኝ። ሰው ይዘህ መቅረብ ትችላለህ ብለውኛል። ሰዎቹ ዖሬክ ዲን ያዝ ይሉኛል። እናቴ ግን ጠበቃ ሳይሆን ሽማግሌ ነው የሚያስፈልግህ አለችኝ። እርስዎ ቢቀመጡልኝ…» አለ።

ሐሙስ ከሰዓት ተመልሶ ስዊቹን አይቷል። ሰርቨሩ እንደተፈታ፣ ማን እንደፈታው ያውቃል። ዓይኑ ውስጥ አንዳች ክስ ፈለግኩ፤ የለም። ያወቀውን ዋጥ አድርጎ እኔኑ ሽማግሌ ሊያደርገኝ መጣ። «እመጣለሁ» አልኩት። እሱ ሲወጣ እናትሽ «ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለችኝ። ያን ዕለት ነው ሁሉን የነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ አልተቆጣችም። «ሰኞ የትኛውን ሸሚዝ ልተኩስልህ?» ብቻ አለችኝ።

ሰኞ ነጩን ሸሚዝ ለብሼ ገባሁ። ኤሬዝ አለ፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ኦራል ወረቀቷን ዘርግታለች፣ ኢላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ኤሬዝ ያለፉትን ሦስት ሳምንታት ዘረዘረ። ኢላይ ተራው ሲደርስ «የምጨምረው የለኝም» አለ። ኦራል ወደ እኔ ዞራ «አንተስ ፈረደ፣ ስለ ልጁ ምን ትላለህ?» አለችኝ። ሽማግሌ ምን እንደሚል ከኢትዮጵያ ከመጣን ሠራተኞች ብዙ ጊዜ ሰምታለች፤ «ልጅ ነው፣ ይታረማል፣ ለእኛ ብላችሁ ማሩት» እንድላት ነው እስክሪብቶዋን አስቀምጣ የጠበቀችው።

ተነሥቼ ቆምኩ። እዚያ ቤት ቆሞ የሚናገር የለም፤ ግን ተቀምጬ አልወጣልህ አለኝ። «ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት፤ ጥፋተኛው ግን እኔ ነኝ» አልኩ።

ኤሬዝ ሳቀ። «ፈረደ፣ ገብቶኛል፣ ጥሩ ሰው ነህ። ልጁን ለማዳን ብለህ ግን በራስህ ላይ አትዋሽ» አለ። አየሽ ጉዱን! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልክ ነኝ ስል ያመኑኝ ሰዎች አጠፋሁ ስል አላመኑኝም። ኢላይም በአማርኛ «ጋሼ ይተዉ፣ እባክዎ ይተዉ» ይለኛል፣ ላብ አጥምቆታል። ደብተሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ ጠዋት ሳላስፈቅደው ነበር የወሰድኩት። ትእዛዜንም ስሜና ቀኑ ካለበት ጋር አትሜ ነበር። ሁለቱን ኤሬዝ ፊት አስቀመጥኩ። የደብተሩን ታችኛ መስመሮች ለኦራል ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

ኤሬዝ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየው። ሳቁ ጠፋ። «ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው ነበር?» አለኝ።

«ልጄ ማአያን» አልኩት። «የዛሬ ሦስት ዓመት ነግራኛለች። አንተም እዚያ ነበርክ።»

«እናንተ በአማርኛ የተጯጯሃችሁ ቀን?» አለ።

«እኛ አልተጯጯህንም» አልኩት። «የጮህኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን የተባባልነውን አልሰማህምና አሁን ልተርጉምልህ። ልጄ “አባ፣ አንዱ ወገን የተቀየረ ቀን ሌላው አያውቅም፣ ይጋጫሉ፣ ፍታቸውና ራሳቸው ይስማሙ” አለችኝ። እኔ “በሰው ፊት አባትሽን ታርሚያለሽ? ዝም በዪ” አልኳት። ይህ ልጅ ዝም ያለው እኔን ዓይነቱ ሰው ዝም ማለት ስላስተማረው ነው። ልጄ ግን ዝም አላለችም ነበር። ልክ ነበረች።»

ኦራል ውሃ ቀዳችልኝ። ኢላይ ተነሥቶ ወንበሬን ወደ ኋላዬ አስጠጋልኝ፣ ተቀመጥኩ።

የልጁ ደብዳቤ ተቀደደ። ለእኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፣ ፋይሌ ውስጥ ገባ። ሰርቨሩ ወደ ኢላይ ይዛወር ተባለ፤ ማክሰኞ አጠገቡ ተቀምጬ የይለፍ ቃሉን ሁሉ አንድ በአንድ አስረከብኩት። ከሥራ አላስወጡኝም። እስከ ጡረታዬ የመጋዘኑን መሣሪያዎች እየጠገንኩ እቆያለሁ፤ ኤሬዝ ይህን ሲነግረኝ ዓይኔን ሽሽት ወደ መስኮት እያየ ነው፣ ግን ነገረኝ። አመሰግነዋለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ያሳየኝ ነበር። ከሁሉ የገረመኝ፣ የይለፍ ቃሉን ካስረከብኩ ጊዜ ጀምሮ ትከሻዬ ቀለለኝ። ምን ያህል ከብዶኝ እንደነበር አላውቅም ነበር።

ትናንት ከሰዓት ደጊቱ የሰንበት ዳቦ ጋግራ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ገና ከበር ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ስትል ያዝኳት። «ደጊቱ፣ እባክሽ፣ ልጅሽን እሳት ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ፣ ባወጣው ምን ምስጋና አለው?» አልኳት። ቀና ብላ «አውቃለሁ» አለችኝ። «ኢላይ ገና ያኔ ነግሮኛል። አፍህን ያዝ፣ ትልቅ ሰው በአደባባይ አይታረምም፣ ሥራ ሌላ ይገኛል ያልኩት እኔ ነኝ። ልጄን ልፈጀው ነበር፣ ጋሼ ፈረደ።» ከዚያ አለቀሰች። እናትሽም አብራት አለቀሰች። እኔ ዳቦውን ይዤ መሐላቸው ቆሜ ቀረሁ።

እሷ ከሄደች በኋላ ብዙ አሰብኩ። እኔና ደጊቱ ከጎንደር ገጠር በሱዳን በኩል ስንመጣ ልጆች ነበርን። በዚያ መንገድ ላይ ትልቅ ሰው ዝም በሉ ሲለን ዝም በማለታችን ነው የተረፍነው፤ ያንን መቼም አልክድም። የዳንበትን ነገር ለልጆቻችን አወረስን። ለእነሱ ግን የሚያስፈልጋቸው ሌላ እንደሆነ አላየንም። አንቺ አይተሽዋል። ያን ቀን አፍሽን ለመክፈት ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀሽ የገባኝ ኢላይ መሬት መሬት ሲያይ ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ ይህ ደብዳቤ የምስጋና ነው። ስለነገርሽኝ አመሰግንሻለሁ። የጮህኩብሽን ዕለት ለሰው ሳትነግሪብኝ ስለኖርሽ አመሰግንሻለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ያ ሁሉ እያለ፣ አንድም ቅዳሜ ሳትደውዪ ስላላደርሽ አመሰግንሻለሁ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ደግሞ በጽሑፍ ሳይሆን በአፌ ልልሽ እፈልጋለሁና እዚህ አልጽፈውም።

እናትሽ «ለፋሲካ ነዪ በላት» እያለች ነው። እኔ አልልሽም፤ ሥራ አለብሽ። ክፍልሽን ቀለም አስቀብቼዋለሁ፤ ግድግዳው ስለቆሸሸ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። አልጋውንም ቀየርነው።

የእስራኤል አምላክ በሄድሽበት ይጠብቅሽ። እጅሽ የነካውን ሁሉ ያቅናልሽ፣ የሚያዳምጥሽ ሰው አያሳጣሽ፣ እኔንም ዕድሜ ሰጥቶ ከአዳማጮችሽ ይደምረኝ። አሜን።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቅዳሜ ማታ ሰንበት ወጥቶ ስትደውዪ ሁልጊዜ የማነሣው እኔ ነኝ። «ደህና ነሽ? ብርድ ነው? በይ እናትሽን ላቅርብልሽ» ብዬ ስልኩን አቀብላታለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ አደረግኩ፤ አንቺም እንደገባሽ እናትሽ ነግራኛለች። ይህን ፎቶ አንሥቼ ዛሬውኑ በስልክሽ እልክልሻለሁ፤ ነገ ስትደውዪ ለእናትሽ አላቀብልም። እሷም እሺ ብላለች። ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ፣ አንቺ ያሰኘሽን ትነግሪኛለሽ፣ እስክትጨርሺ አፌን አልከፍትም።

አባትሽ
ፈረደ